ለካርፓል ተነል ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ የአካባቢ ማደንዘዣ፦ በሁለት እጆች የተመዘነ አገልግሎት

ሁለቱም እጆቼ በካርፓል ተነል፣ ማለትም በእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨፈለቅ በሚመጣ ሕመም፣ ምክንያት በተለያየ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ቀኝ እጄ የተሠራው ቱርኒኬት የሚባለው ደም ማገጃ ክንዴ ላይ ታስሮ፣ መዳፌ ላይ ማደንዘዣ ተወግቼ፣ በደም ሥሬ ደግሞ የሚያፈዝ መድኃኒት እየገባልኝ ነበር። ግራው ግን አድሬናሊን የተቀላቀለበት፣ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ብቻ ተወግቶ፣ ክንዴ ላይ ምንም ሳይታሰር፣ እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነቅቼ ተሠራ። የተቆረጠው ጅማት ያው ነው፤ የቁስሉም ርዝመት እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱ ያለው በማደንዘዣው አሰጣጥ ላይ ስለሆነ፣ የምመዝነውም የቀዶ ሐኪሞችን ችሎታ ወይም የነርቩን መዳን ሳይሆን ማደንዘዣውን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሁለተኛው መንገድ እጅግ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ነገር ግን የተሻለ ያደረገው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። መርፌውን የያዘው ሰው በዝግታ መውጋቱና ከወጋ በኋላ በትዕግሥት መጠበቁ የአገልግሎቱ ዋና አካል ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ያው መድኃኒት መጥፎ አገልግሎት ይሆናል።

ይህ ሕክምና ለአካባቢ ማደንዘዣ ለምን እንደሚመች ለመረዳት የሚሠራበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ከእጅ አንጓ ወደ መዳፍ የሚያሻግር ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ወለሉና ግድግዳው ትንንሽ የአንጓ አጥንቶች ሲሆኑ፣ ጣሪያው ወፍራምና እምብዛም የማይለጠጥ ማሰሪያ ጅማት ነው። በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ፣ ይኸውም ሚዲያን ነርቭ፣ ተጠጋግተው ያልፋሉ። ቦታው ሲጣበብ የሚጎዳው ነርቩ ነው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ይመጣል፣ ሲቆይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል። ቀዶ ሕክምናው የሚያደርገው ይህንን ጣሪያ መሰንጠቅ ነው። መዳፍ ተከፍቶ በሚሠራው ዘዴ የሚቆረጠው ቆዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቆዳው ከተከፈተ ጀምሮ ተሰፍቶ እስኪያልቅም ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ለዚህ ያህል ሥራ መላ አካልን በሰመመን ማስተኛት ከጉዳዩ መጠን ጋር የሚመጣጠን አይመስለኝም።

ቦታው ትንሽ ነው ማለት ግን ማደንዘዙ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሚዲያን ነርቭን ብቻ ማደንዘዝ አይበቃም፤ የመዳፍን ሥር ቆዳ የሚያገለግለው ቅርንጫፍ ከነርቩ የሚለየው ከአንጓው ከፍ ብሎ፣ ወደ መተላለፊያው ሳይገባ ነው፤ የሚያልፈውም ከጣሪያው በላይ ነው። ጣቶቻቸው የደነዘዙ ሕሙማን የመዳፋቸው ሥር ስሜቱን የማያጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የመዳፍ ክፍል የሌላ ነርቭ፣ የአልናር ነርቭ፣ ድርሻ ነው። ስለዚህ ጥሩ የሚባለው አወጋግ መድኃኒቱን ነርቩ አጠገብ አስቀምጦ የሚያበቃው ሳይሆን፣ ከአንጓው ከፍ ካለ ቦታ ጀምሮ ስለት የሚያርፍበትን ቆዳ ሁሉ ከሥሩ እየሞላ የሚሄደው ነው፤ የደነዘዘው ስፍራ በየአቅጣጫው ከሚቆረጠው መስመር ሰፋ ብሎ መገኘት አለበት። በቀኝ እጄ ላይ ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ወደ ጣቶቼ በኩል ያለው የመስመሩ ጫፍ በደንብ ስላልደነዘዘ፣ የሚያፈዘው መድኃኒት በደም ሥሬ እየገባም ቢሆን ስለቱ ተሰምቶኛል፤ ተጨማሪ መርፌ የተሰጠኝም ከጮኽኩ በኋላ ነው።

ሊዶኬይን ራሱ ረጅም ጊዜ የተፈተነ መድኃኒት ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1943 ሠራው፤ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ለገበያ ቀረበ። የሚሠራው የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚያስተላልፉባቸውን የሶዲየም መተላለፊያዎች በመዝጋት ነው፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ስለሚቋረጥ አንጎል ስለ ቁስሉ ምንም ወሬ አይደርሰውም። ሆኖም ሁሉም ስሜት በአንድ ጊዜና በእኩል መጠን አይጠፋም። ሕመምን የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ቀድመው ይዘጋሉ፤ ግፊትን፣ መጎተትንና መነካትን የሚያደርሱት ወፋፍራሞቹ ግን በከፊል እየሠሩ ሊቆዩ ይችላሉ። በዚህም የተነሣ በደንብ የደነዘዘ ሰው እጁ ሲገፋ፣ ሲያዝና ሲሳብ ይሰማዋል፤ ሕመም ግን አይሰማውም። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሕመምተኛ የመጀመሪያው ግፊት ሲሰማው ማደንዘዣው አልሠራም ብሎ ይደነግጣል፤ በቀኝ እጄ ጊዜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በግራው ጊዜ ሐኪሟ ከመጀመሯ በፊት ቆዳዬን በመቆንጠጫ እየነካች፣ ሕመምንና ግፊትን እንድለይ አደረገችኝ፤ የወሰደባት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነበር፤ ለእኔ የሰጠው መረጋጋት ግን እስከ መጨረሻው ዘልቋል።

ወደ ደም ማገጃው ልምጣ፤ በሁለቱ ገጠመኞቼ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እርሱ ነው። ቱርኒኬት በክንድ ላይ ታስሮ በአየር የሚነፋ ቀበቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚጠጋ ግፊት ይነፋል፤ ይህም የአንድ ጤነኛ ሰው ላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዓላማው ተገቢ ነው፤ ደም ወደ እጅ ካልመጣ ቀዶ ሐኪሙ ነርቩን አጥርቶ ያያል። ችግሩ የደነዘዘው መዳፍ እንጂ ክንድ አለመሆኑ ነው። መዳፌ ላይ የተወጋው ማደንዘዣ ለክንዴ ምንም አላደረገለትም፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በጥብቅ የመያዝ ስሜት ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ እየከበደ፣ እየተቃጠለ፣ እስከ ጣቶቼ ጫፍ እየወረደ መጣ። በቀኝ እጄ ሕክምና ያመመኝ ከተቆረጠው መዳፍ ይልቅ ያልተነካው ክንዴ ነበር። ብዙ ሰዎች አጭር ጊዜ መሆኑን በማሰብ እንደሚችሉት አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ፈጣን ከሆነም ሕመሙ ሳይጠና ሊያልቅ ይችላል። እኔ ግን ማስቀረት የሚቻልን ሕመም ሕመምተኛው እንዲችል መጠየቅን በጎ አገልግሎት ብዬ ልጠራው አልችልም።

ከዚህም የባሰው ደም ማገጃው ብቻውን የማይመጣ መሆኑ ነው። ክንድ ስለሚያም የሚያፈዝ መድኃኒት ይታሰባል፤ የሚያፈዝ መድኃኒት ሲኖር ሕመምተኛው ምግብ ሳይቀምስ እንዲመጣ ይታዘዛል፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊንና የክኒን ሰዓት ማስተካከልን ይጠይቃል፤ ከሕክምናው በፊት ምርመራ፣ በሕክምናው ጊዜ አተነፋፈስንና ልብን የሚከታተል ባለሙያ፣ ከሕክምናው በኋላ የማገገሚያ አልጋና ወደ ቤት የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ለመዳፍ ግን አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚመጣ ሸክም ነው፤ መነሻውም የታሰረው ቀበቶ ነው። የስኳር ሕመም ካርፓል ተነልን ከሚያበዙት ሁኔታዎች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ሳይጾሙና የመድኃኒት ሰዓታቸውን ሳያዛቡ መታከም የሚጠቅማቸው ሰዎች ጥቂት እንዳልሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ደም ማገጃን የሚጠቀም ሌላም የማደንዘዣ መንገድ አለ፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኦገስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1908 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ክንዱ ከታሰረ በኋላ ማደንዘዣው በእጁ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። እኔ አልሞከርኩትም፤ እጅን በሙሉ በፍጥነት እንደሚያደነዝዝና ለብዙ ዓመታት እንዳገለገለ ግን የታወቀ ነው። ለካርፓል ተነል ያለው ድክመት ከባሕርዩ የሚመጣ ነው፤ ቀበቶው ቶሎ ከተፈታ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ወደ ልብና ወደ አንጎል ስለሚሄድ፣ ቀዶ ሕክምናው በአሥር ደቂቃ ቢያልቅ እንኳ ክንዱ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል እንደታሰረ መቆየት አለበት። ቀበቶው ሲፈታ ደግሞ ማደንዘዣው አብሮ ስለሚሄድ፣ ሕመምተኛው ሕመሙን የሚጀምረው እዚያው አልጋው ላይ ነው።

ግራ እጄ ላይ የተደረገው ይህን ሁሉ በአንድ ጠብታ አድሬናሊን ያስቀራል ብል ማጋነን አይሆንም። አድሬናሊን ትንንሽ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ደሙ ከሚቆረጠው ቦታ ስለሚሸሽ ቀበቶ አያስፈልግም፤ ማደንዘዣውም በደም ታጥቦ ስለማይሄድ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። የተለመደው መጠን 1 ከመቶ ሊዶኬይን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው አድሬናሊን ከ100,000 አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ለብዙ ትውልድ የሕክምና ተማሪዎች አድሬናሊን በጣት ላይ ፈጽሞ እንዳይወጋ፣ ከተወጋ ጣቱ እንደሚሞት ሲነገራቸው ኖሯል። እኔም ስሰማ ፈርቼ ነበር፤ ስለዚህ የፍርሃቱን ምንጭ አጥብቄ ጠየቅሁ። በቀደመው ዘመን ጣት መሞቱ በእርግጥ ተመዝግቧል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ አደጋዎች እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የደረሱ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ይወጋ የነበረው ፕሮኬይን የተባለው ማደንዘዣ ደግሞ ሲቆይ እጅግ አሲዳማ የሚሆን መድኃኒት ነበር፤ አድሬናሊን ሳይቀላቀልበትም ጣት ያጠፋ ነበር። የካናዳው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በጣትና በእጅ ላይ አድሬናሊን ተወግቶ የተሠራላቸውን 3,110 ተከታታይ ሕሙማን ተከታትለው አንድም የሞተ ጣት አላገኙም። ድንገት የጣቱ ንጣት ቢያሠጋ እንኳ ፌንቶላሚን የተባለ የአድሬናሊንን ሥራ የሚሽር መድኃኒት አለ፤ በዚያ ጥናት ውስጥ ግን ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ሕክምናው የሚሰጥበት ክፍል ፌንቶላሚን ይኑረው አይኑረው መጠየቅ አያሳፍርም፤ እኔም ጠይቄ መደርደሪያው ላይ አሳይተውኛል።

አሁን ስለ መርፌው በዝርዝር ልጻፍ፤ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነውና። በቀኝ እጄ ጊዜ ተቀምጬ፣ በወፍራም መርፌ፣ በችኮላ ተወጋሁ፤ መድኃኒቱ ሲገባ መዳፌ ውስጥ እሳት የተለቀቀ መሰለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔም ጨለመ። መርፌ ሲወጉ የሚያዞራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ የድፍረት ማነስ ሳይሆን የሰውነት ምላሽ ነው፤ መከላከያውም ቀላል ነው፦ ሕመምተኛውን አስተኝቶ መውጋት። በግራ እጄ ጊዜ መጀመሪያ የተደረገው ይኸው ነው። ሁለተኛው ነገር መድኃኒቱ ላይ የተደረገው ዝግጅት ነው። አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን በብልቃጡ ውስጥ እንዳለ አሲዳማ ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ መብዛቱን የሚያሳየው የፒ.ኤች. መጠኑ ወደ 4.2 ይጠጋል፤ የሰውነታችን ግን 7.4 ነው። አንዱ የማቃጠሉ ምክንያት ይህ ልዩነት ነው። ለአሥር ሚሊ ሊትር መድኃኒት አንድ ሚሊ ሊትር 8.4 ከመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሲጨመርበት አሲዱ ይበርዳል። ሐኪሟ ይህን ስትቀላቅል እያየሁ ነበር፤ ብልቃጡንም በሰውነት ሙቀት ልክ አሙቃው ነበር፤ ቀዝቃዛ መድኃኒት ከሞቀው ይልቅ ያማልና።

ከዚያ እጅግ ቀጭን መርፌ ይዛ፣ ከአንጓው መስመር ጥቂት ከፍ ብላ፣ ከሚዲያን ነርቭ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ፈንጠር ባለ ቦታ ቆዳዬን በሌላ እጇ ቆንጥጣ ይዛ ወጋችኝ። ከቆዳው ሥር በጣም ጥቂት ለቀቀችና እጇን ሳታንቀሳቅስ ቆመች። “አሁን ትንሽ ይቆጠቁጥዎታል፤ መቆጥቆጡ ሲያበቃ ይንገሩኝ” አለችኝ። እኔ “አበቃ” እስካልሁ ድረስ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ይህች ቆም ማለት ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር እርሷ ላይ ነው የተመሠረተው። ከዚያ በኋላ መርፌው ወደፊት የሄደው መድኃኒቱ ቀድሞ ባደነዘዘው ቦታ ውስጥ ብቻ ነበር፤ መድኃኒቱ ከፊት እየቀደመ፣ መርፌው ከኋላ እየተከተለ። የመጀመሪያው አሥር ሚሊ ሊትር በአንጓው አካባቢ ቀስ ብሎ ገባ፤ ሁለተኛው አሥር ሚሊ ሊትር ደግሞ ቀድሞ በደነዘዘው ቆዳ በኩል ወደ መዳፉ ተለቀቀ። መዳፌ ከሥሩ እየተነፋ ሲሄድ ተሰማኝ፤ የተሰማኝ ሕመም ግን የመጀመሪያው ውጊያ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ መሐል ጣቴ ንዝረት ሲሮጥ ተናገርኩ፤ ወዲያው መድኃኒት መልቀቋን አቆመች፣ መርፌውንም ወደ ኋላ መለስ አደረገችው። ንዝረት መርፌው ነርቩን መንካቱን የሚያመለክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ይህን ሲሰማው ዝም እንዳይል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ የሚያፈዝ መድኃኒት የወሰደ ሰው ግን ይህን መልእክት በጊዜ ላያደርስ ይችላል። ነቅቶ መታከም ከድፍረት ጋር ሳይሆን ከደኅንነት ጋር መያያዝ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

መርፌው ካለቀ በኋላ ወደ መጠበቂያ ክፍል ተመለስኩ። ጣቶቼ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ደነዘዙ፤ ሆኖም መደንዘዝና ደም መሸሽ እኩል አይሄዱም። አድሬናሊን የደም ሥሮችን እስከ መጨረሻው ለማጥበብ 26 ደቂቃ ያህል እንደሚወስድ ተለክቷል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሳይጠብቅ የሚቆርጥ ሐኪም ደም ያስቸግረዋል፤ ደም ሲያስቸግረው ደግሞ ቀበቶው ይታወሳል። ብዙ ሕሙማን በሚታከሙበት ቦታ ይህ ጊዜ የግድ አይባክንም፤ ተራ የያዙት ቀድመው በየተራ ይወጋሉ፣ የመጨረሻው ተወግቶ ሲያልቅ የመጀመሪያው ለቀዶ ሕክምና ደርሷል። በመጠበቂያው ክፍል ሳለሁ ልቤ ትንሽ በፍጥነት መምታት ጀመረ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ፤ ይህ ከአድሬናሊኑ የሚመጣና ብዙም ሳይቆይ የሚያልፍ ነገር መሆኑ ቀድሞ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም። መዳፌ ነጥቶ፣ የነጣው ድንበርም በግልጽ ይታይ ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የምጽፈው ጥቂት ነው፤ የጥሩ ማደንዘዣ ምልክቱም ይኸው ነው። እጄ በመጋረጃ ተከልሎ ነበር፤ ግፊት ተሰማኝ፣ መጎተት ተሰማኝ፣ ሕመም አልተሰማኝም። ትንንሽ የደም ሥሮችን በኤሌክትሪክ ሲተኩሱ የሚመጣው ሽታ ደስ አይልም፤ የመሣሪያዎቹም ድምፅ ይሰማል፤ ይህን የማይወድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ አንድ ነገር እያዳመጠ ቢተኛ ይሻለዋል። በዚህ መካከል ግን ያልጠበቅሁት ጥቅም አገኘሁ። ሐኪሟ እየሠራች፣ ከሕክምናው በኋላ እጄን እንዴት ከፍ አድርጌ እንደምይዝ፣ ጣቶቼን መቼ ማንቀሳቀስ እንደምጀምር፣ ምን ዓይነት ሥራ እስከ መቼ መተው እንዳለብኝ አስረዳችኝ፤ እኔም ጠየቅሁ። በቀኝ እጄ ጊዜ ይኸው ምክር ተሰጥቶኝ እንደነበር ከወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ፤ ፈዝዤ ስለነበር ግን አንዲት ቃል አላስታውስም። ከመሰፋቱ በፊት ጣቶቼን እንዳጥፍና እንድዘረጋ ተጠየቅሁ፤ ሁሉም በነፃነት ተንቀሳቀሱ። የተኛ ወይም የፈዘዘ ሰው ይህን ማሳየት አይችልም።

ከዚያ ተነሥቼ በእግሬ ወጣሁ። የማገገሚያ አልጋ አላስፈለገኝም፤ ማቅለሽለሽም፣ መንገዳገድም አልነበረም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ የደነዘዘ እጅ ለራሱ ዘብ መቆም አይችልም። ማደንዘዣው ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ፣ ትኩስ ነገር ቢነካ፣ በር ቢዘጋበት፣ ሰውነት ቢጫነው ባለቤቱ አያውቅም፤ ስለዚህ ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ታጥፎ ከፍ ብሎ በማንጠልጠያ ቢቀመጥ ይሻላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ የጊዜ ጉዳይ ነው። ማደንዘዣው ጨርሶ እስኪለቅ ጠብቆ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ሕመሙን ከኋላ እየሮጠ ያባርረዋል፤ ሐኪም የፈቀደለትን ማስታገሻ ስሜት መመለስ ሲጀምር የወሰደ ግን ሌሊቱን በሰላም ሊያሳልፍ ይችላል። ለእኔ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በቂ ሆነውልኛል፤ አይቡፕሮፌን ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድም ሰው እንደማይስማማ መታወቅ አለበት። በማግስቱ ማደንዘዣው ካለቀ በኋላ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያልነበረ አዲስ መደንዘዝ ከቀጠለ፣ ጣቶች ቀዝቅዘው ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ ሳይበርድ እየባሰ ከሄደ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።

ስለ ደኅንነቱ የሚጠይቁ ብዙ ስለሆኑ ቁጥሩን ላስቀምጠው። አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን የላይኛው ገደብ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 7 ሚሊ ግራም ነው። ለእኔ የተወጋው 20 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ከመቶ መድኃኒት 200 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ገደቡ 420 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ከግማሹም ያነሰ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ወይም ከመጠን ቢያልፍ የሚቀድሙት ምልክቶች የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕምና የጆሮ ጩኸት ናቸው፤ ሲከፋ ወደ መንዘፍዘፍና ወደ ልብ ችግር ያደርሳል። ስለዚህ ሕክምናው ቀላል ቢሆንም ድንገተኛ ሁኔታን መቋቋም በሚችል ቦታ መሰጠት አለበት። እውነተኛ የሊዶኬይን አለርጂ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ ቀደም ሲል በጥርስ ሕክምና ጊዜ ልባቸው በመምታቱ ምክንያት አለርጂ አለብኝ የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተሰማቸው አድሬናሊኑ ነው፤ ቢሆንም ጉዳዩን ለሐኪም ማሳወቅና ማጣራት ይገባል።

ለሁሉም ሰው ይስማማል ግን አልልም። መርፌ ሲያይ ራሱን የማይቆጣጠር ሰው፣ ነቅቶ መተኛት የማይችል ሕፃን፣ ከዚህ በፊት እዚያው ቦታ ተሠርቶለት ጠባሳው የጠነከረበት ሰው፣ የጣቶቹ የደም ዝውውር የተበላሸ፣ ለምሳሌ ስክሌሮደርማ ወይም በርገር የሚባለው የደም ሥር በሽታ ያለበት ሰው፣ ሌላ መንገድ ከሐኪሙ ጋር ቢመካከር ይሻላል። ከባድ የልብ ሕመም ያለበትም ስለ አድሬናሊኑ መጠን አስቀድሞ መነጋገር አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን በብዙ ሁኔታ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በዚህ መንገድ ሊሠራላቸው ይችላል፤ ውሳኔው የሐኪማቸው ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ጉድለቱን ብጠየቅ የማነሣው ከማደንዘዣው ይልቅ አሰጣጡን ነው። ሁለቱም ቦታዎች “በአካባቢ ማደንዘዣ እንሠራለን” ብለው ነበር፤ ከዚህ ቃል በስተጀርባ የነበረው ነገር ግን ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት የምጠይቀው በየትኛው ማደንዘዣ እንደሚሠራ ብቻ አይደለም። ክንዴ ይታሰራል ወይ፣ ከታሰረስ ለምን ያህል ጊዜ፤ ተኝቼ ነው የምወጋው ወይ፤ መድኃኒቱ ባይካርቦኔት ይቀላቀልበታል ወይ፤ ከመርፌው እስከ ቀዶ ሕክምናው ምን ያህል ይጠበቃል የሚሉትን እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን በመሐል ሕመም ቢሰማኝ ምን እንደሚደረግ እጠይቃለሁ። በቀኝ እጄ ጊዜ መልሱ ሊያልቅ ስለሆነ ታገሥ የሚል ነበር። ሐኪሟ ለዚሁ ጥያቄ የሰጠችኝ መልስ እንደሚያምዎት እንደተናገሩ አቆማለሁ፣ እጨምራለሁ፣ እስኪደነዝዝም እጠብቃለሁ የሚል ነው፤ ይህን መልስ የማይሰጥ ቦታ ላይ ሌላ እጅ ቢኖረኝ አላስነካም።